ወረታው ለማን ይከፈል?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ሐሙሲትንና የጉማራን ድልድይ አልፎ ወረታ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ቀጥ ብሎ ርብን ይሻገርና በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደር ይገባል። ሌላው ወደ ቀኝ ታጥፎ ደብረ ታቦርን ይወጣና በጋይንት አድርጎ እስከ ወልድያ ይዘልቃል። መገንጠያው ላይ መኪና የሚጠብቅ ሰው፣ ከባጃጁ ጥሩምባና ከሩዝ መፈልፈያው አቧራ መሐል ቆሞ፣ የከተማዋን ስም ሲደጋገም ይሰማል፤ ረዳቶቹ «ወረታ! ወረታ ወራጅ!» ይላሉ። ስም ሲደጋገም ቃል መሆኑ ትዝ ይላል። ወረታ በአማርኛ ለተዋለ ውለታ የሚመለስ ምላሽ ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከዚህ ነው አልልም፤ የቦታ ስም የራሱ መንገድ አለው። ግን ወረታ ላይ ቆሞ ስለ ወረታ አለማሰብ ይቸግራል።

የማነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ሰው ለተማረበት ቤት ወረታውን የሚመልሰው ለማን ነው? ለመምህሮቹ እንዳይባል፣ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ተዛውሯል፣ አንዱ የተማሪውን መልክ ረስቷል። ለግቢው እንዳይባል፣ ግንብ ውለታ አይቆጥርም። ለመንግሥት እንዳይባል፣ መንግሥት የራሱን ድርሻ ማንም ሳያስታውሰው በየወሩ ከደመወዝ ላይ ይወስዳል። ነገሩ ዕዳ ቢሆን ኖሮ ባልተቸገርን ነበር፤ ዕዳ ስም አለው፣ ቀን አለው፣ ዋስ አለው። የውለታ ባለቤት ግን ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ባለቤቱ የጠፋበትን ውለታ ይዞ የቀረ ሰው ምን ያድርገው?

ጥያቄውን አየር ላይ ከማንጠልጠል አንድ ባልና ሚስት ላቁምበት። ስም አልሰጣቸውም፤ ገና አልደረሱምና።

ወረታ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አላት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አገሪቱ በየገበሬው ቀበሌ ሦስት ሦስት ባለሙያ ለማድረስ፣ አንዱን ለሰብል፣ አንዱን ለእንስሳት፣ አንዱን ለተፈጥሮ ሀብት፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን በየኮሌጁ ስታስገባ፣ የወረታው ከእነዚያ ኮሌጆች አንዱ ነበር። ገበሬው «ዲኤ» የሚላቸው እነዚህ ናቸው። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ የዚህ ዘመን ምሩቃን በ1996 ገደማ ወጡ። ያን ጊዜ 20 ዓመት የሞላው ሰው ለጡረታ የሚያበቃውን 60 ዓመት የሚይዘው በ2036 ነው። እንግዲህ እኔ የማስባቸው ባልና ሚስት ዛሬ አርባን ተሻግረው አንድ ቀበሌ ውስጥ የገበሬ ማሳ እየዞሩ፣ ወይም ወረዳ ቢሮ ተቀምጠው ሪፖርት እያጠናቀሩ ይሆናል። ጡረተኞቹን ለማየት መጠበቅ አለብኝ። መጠበቅ ስለማልችል አስባቸዋለሁ።

ባልየው በእንስሳት፣ ሚስትየዋ በሰብል የተመረቁ ይሁኑ። የተዋወቁት በኮሌጁ ሜዳ ላይ ነው እንበል፤ እሱ 1,500 ሜትር ይሮጥ ነበር፣ እሷ ደግሞ 5,000። ሁለቱም ታዋቂ አልሆኑም። እግራቸው ግን ሥራ አልፈታም፤ ዲኤ የሚኖረው በእግሩ ነው። እሷ ከጎጥ ጎጥ ስለ መስመር ዘር እያስረዳች፣ እሱ በሬ እያስከተበ፣ ሳይቆጥሩት ስንት ማራቶን ሄደዋል። በመጨረሻ ከየምድብ ቦታቸው ተጠቃለው ወረታ ገቡ። በየዓመቱ ኮሌጁ የስፖርት ቀን ባደረገ ቁጥር፣ መንገዱ ሰላም የሆነ ዕለት፣ ሁለት ጀሪካን ውኃ፣ አንድ ዘምቢል ብርቱካንና ጃንጥላ ይዘው ሜዳው ዳር ይቀመጣሉ። ከዚህ ሌላ የሚሰጡት የላቸውም። የመንግሥት ጡረታ ከዚህ አያልፍም።

ጡረታ የሚለውን ቃል እዚህ ላይ ልያዘው። ቃሉ ከ«ጦረ» የወጣ ነው። መጦር የደከመን ወላጅ መመገብ፣ ማልበስ፣ ማኖር ነው፤ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት የመጣው ከዚያው ነው። ጡረተኛ ማለት እንግዲህ ሌላው የሚጦረው ሰው ነው። በቃሉ ሕግ ከሄድን፣ ከ60 በኋላ የሰው ሥራ መቀበል ብቻ ነው። የእኔ ባልና ሚስት ይህን ይገለብጡታል። ተጧሪ በሆኑበት ዓመት ጧሪ ሆነው ወጡ፤ የጦሩትም የወለዱትን ሳይሆን የወለዳቸውን ቤት ነው። አማርኛ ለዚህ ስም አላዘጋጀም። ምናልባት እንግሊዞች «አሉምናይ» የሚሉትን ስንዋስ የተዋስነው ስሙን ብቻ ስለሆነ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ሰው ያቋርጠኛል። ኮሌጁ መጽሐፍ ያንሰዋል፣ ቤተ ሙከራው ይጎድለዋል፤ እነዚህ ሽማግሌዎች ለሩጫ ምን አስጨነቃቸው? ለብርቱካኑ ያወጡትን ለመጽሐፍ ቢያውሉት አይሻልም ነበር?

ቢያውሉት ጥሩ ነበር። ግን ነገሩን በሒሳብ ብቻ ያየ ሰው አንድ ነገር ያመልጠዋል። ወደ ቀድሞ ኮሌጁ የተመለሰ ምሩቅ የሚገባበት ቦታ የለውም። ክፍሉ ተይዟል። የዶርሙ አልጋ የሌላ ሰው ነው። ቤተ መጻሕፍቱ መታወቂያ፣ ካፌው የምግብ ካርድ ይጠይቀዋል። በር የሌለው ሜዳው ብቻ ነው። ሜዳ ደግሞ ሌላም ጠባይ አለው። ፈተና ክፍል ውስጥ «አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» ያለ ሰው ኩረጃ አቀባይ ተብሎ ይባረራል፤ ሜዳ ላይ ያንኑ የጮኸ ሰው ደጋፊ ይባላል። ከትምህርት ሁሉ በአደባባይ ማበረታታት የተፈቀደበት ትምህርት ስፖርት ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በፈተና የወደቀ ልጅ ውድቀቱን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በመታወቂያ ቁጥሩ ብቻውን ያነባል። በሩጫ የቀረ ልጅ ግን የሚቀረው ሰው እያየው ነው፤ ስለዚህ ሰው እያየው ሊነሣም ይችላል። ባልና ሚስቱ መጽሐፍ ቢገዙ ኖሮ መጽሐፉ ይደርስ ነበር። እነሱ ግን ከመደርደሪያው ዳር ቆመው «በርታ» ማለት አይችሉም።

ለምን ሁለት እንዳደረግኋቸውም ልናገር። አንድ ጡረተኛ ብቻውን ሜዳ ዳር ቢቀመጥ አይበቃም ነበር ወይ?

ከወረታ ወደ ጎንደር ሲሄዱ፣ አዲስ ዘመንን አልፎ፣ እንፍራዝ አለች። የዘርዓ ያዕቆብ «ሐተታ» የሚነግረን ፈላስፋ በስደት ከዋሻ ወጥቶ የተቀመጠው እዚያ ነው። የመጽሐፉ ደራሲ ማን እንደሆነ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ፤ ክርክሩን ለእነሱ ትቼ ታሪኩን ልያዝ። ሰውየው ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ተጠግቶ መጻሕፍት ይገለብጥ፣ የሀብቱን ልጆችም ያስተምር ነበር። ሚስት ያደረጋት የዚያኑ ቤት አገልጋይ ኂሩትን ነው። ሲያገባትም ከእንግዲህ አገልጋይ እንዳትባል ጠየቀ፤ በጋብቻ ባልና ሚስት እኩል ናቸውና። ወጥቶ የማያውቅ ምሥጢር ከዋሻ ይዞ የመጣ ፈላስፋ፣ ሐሳቡን መጀመሪያ የሞከረው በጎጆው ውስጥ ነበር ማለት ነው። ከእሱ በኋላ ሐተታውን የቀጠለው ወልደ ሕይወትም ከዚያው ቤት የተማረ ነው። አንድ ደቀ መዝሙር፣ አንዲት ሚስት፣ አንድ የእንግድነት ቤት፤ የእንፍራዝ «ኮሌጅ» ይህን ያህል ነበር።

ከዚያ ጎጆ የምወስደው ይህን ነው። ብቻውን የሚያስታውስ ሰው ቀስ በቀስ ተረት መተረት ይጀምራል። የሮጠው ይረዝማል፣ የቀደማቸው ይበዛሉ፣ ሜዳውም ያኔ ይሰፋ ነበር። አጠገቡ አብራው የነበረች እኩያ ስትኖር ግን ትዝታው ምስክር ያገኛል፤ «ሦስተኛ ወጣሁ» ሲል «አራተኛ ነህ፣ ሦስተኛው የደራው ልጅ ነበር» ትለዋለች። ትክክለኛ ወረታ ከትክክለኛ ትዝታ ነው የሚነሣው። የተጋነነ ትዝታ ያለው ሰው ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ለራሱ ሐውልት ለማቆም ነው። የሚያርመው ያለ ሰው ግን ያን ጊዜ ማን እንደረዳው፣ ማን ጫማ እንዳዋሰው፣ ስንተኛ እንደ ወጣ በልኩ ያውቃል። እኩልነት የሌለበት ትዳር ይህን እርማት አይሰጥም፤ አገልጋይ ጌታዋን አታርምም።

ሐውልት ካልሁ አይቀር፣ በሌላ ዓለም ያለ አንድ ባልና ሚስት ላንሣ። ፊል ናይት በአሜሪካ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በአሠልጣኝ ቢል ባወርማን ሥር ይሮጥ ነበር። እንደ ተራ ሯጭ ነው የሚታወሰው። በኋላ ከዚያው አሠልጣኙ ጋር የጫማ ንግድ ጀመረ፤ ዛሬ ናይኪ የምንለው ነው። ናይት ሚስቱን ፔኒን ያገኛት በሌላ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ሲያስተምር ነው፤ ተማሪው ነበረች። ባልና ሚስቱ ሀብታም ሆነው ሲያረጁ፣ ሄይዋርድ ፊልድ የሚባለውን የባልየውን የድሮ የሩጫ ሜዳ ከመሠረቱ እንደ አዲስ በማሠራት ከለጋሾቹ ሁሉ ቀዳሚ ሆኑ። በሌላ ቦታ በቤተሰባቸው ስም የሚጠሩ ሕንፃዎች አሏቸው፤ ሜዳው ግን አሁንም በጥንቱ አሠልጣኝ በቢል ሄይዋርድ ስም ይጠራል።

ይህን የማነሣው ከገንዘቡ ይልቅ ቀጥሎ ለሆነው ነው። በሐምሌ 2014 የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና በዚያ ሜዳ ተካሄደ። ሐምሌ 9 ለተሰንበት ግደይ የ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች፤ ሐምሌ 16 ጉዳፍ ፀጋይ የ5,000ውን ደገመች። ሜዳው ባለበት ከተማ ጎዳና ላይ ደግሞ ታምራት ቶላና ጎይተቶም ገብረ ሥላሴ ማራቶኑን አሸነፉ። ኢትዮጵያ በ4 ወርቅ፣ በ4 ብርና በ2 ነሐስ ከአሜሪካ ቀጥላ ሁለተኛ ሆነች። እኛ እዚህ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ስንጮህ፣ አንድ የድሮ ተማሪና ሚስቱ ለእሱ ትምህርት ቤት ባነጠፉት መም ላይ እየጮህን መሆኑን ማን አሰበው? እነሱስ ለማን እያነጠፉ እንደሆነ ያውቁ ነበር? ወረታ ለትምህርት ቤቱ ታስቦ ወጣ፤ የደረሰው ግን ለማያውቋቸው ልጆች ነው። የስጦታ ጠባይ እንዲህ ነው፤ አድራሻ ይጻፍበታል እንጂ አድራሻው ላይ አይቆምም።

ይህን ከዱላ ቅብብል ጋር ማመሳሰል ይቀናል። እኔ ግን አልወደውም። በዱላ ቅብብል ያቀበለውም የተቀበለውም በአንድ ሜዳልያ ይሸለማሉ፤ አቀባዩ ትርፉን ያውቃል። የጡረተኞቹ ነገር ወደዚያ አይሄድም። እነሱን የሚመስል ነገር ለማግኘት ከስታዲየሙ መውጣት ያስፈልጋል፤ ወደ ሌላው ሜዳ። አማርኛ ልጆች የሚሮጡበትንም ፎገራንም «ሜዳ» ነው የሚለው።

ፎገራ ከጣና ምሥራቅ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ከበላዩ የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ቆሟል። ርብና ጉማራ ከጉና ጎን ተነሥተው፣ ክረምት በገባ ቁጥር የፋርጣ ወረዳን አፈር ተሸክመው ወርደው፣ ጣና ሳይደርሱ ሜዳው ላይ ያራግፉታል። ዋልካው ውኃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ከብት ይውጣል፤ በጋ ሲሆን ይሰነጠቅና እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ለዘመናት የሣር አገር ነበር። የፎገራ ላም በወተቷ የተመሰገነችው በዚህ ሣር ነው። በ1970ዎቹ ከሰሜን ኮርያ የመጡ ባለሙያዎች በዚህ አካባቢ ሩዝ አስተከሉ፤ አንዱ ዝርያ እስካሁን «ኤክስ ጅግና» ይባላል፣ በደራ ወረዳ ባለችው ጅግና ስም። ባለሙያዎቹ አገራቸው ተመለሱ። የተከሉባቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ፈረሱ። ሩዙ ቀረ። ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው ወረታ ነው፤ የእናቶች ሊጥ ውስጥ ጤፍና ሩዝ ተጋብተዋል፤ ሩዙ ከተነሣ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። የፎገራ ላም ግን ግጦሿ ጠቧል። መልካም ስጦታም ቢሆን የሆነ ነገር ሳይገፋ አይገባም።

ለማን ይመለስ የዚህ ሁሉ ወረታ? ለኮርያዎቹ? አድራሻቸውን ማን ይዞታል። ለጉና? ተራራ ለሜዳ አስቦ አፈሩን አልለቀቀም፤ ተወሰደበት እንጂ። የፎገራ ገበሬ በሰባው መሬት ሲደሰት የፋርጣው ገበሬ እርከን እየሠራ የቀረውን ለማቆየት ይታገላል። የእኛ በረከት የሌላው ጉዳት የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ውለታ ሁሉ በፈቃድ የተዋለ አይደለምና። ይህን ማወቅ ምስጋናን አይቀንስም፣ ትሕትና ይጨምርበታል እንጂ። ልጃቸውን ኮሌጅ ለመላክ በሬ የሸጡ ወላጆችም ከጉና ወገን ናቸው። እሱ ሠለጠነ፣ እነሱ አንድ ጥማድ አጡ።

የርብ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር ማሰብ ይቻላል። ግድብ ጎርፍ ይከላከላል፣ በጋ ላይ ውኃ ይሰጣል። ነገር ግን ወንዙ የሚያመጣውን ደለል ይዞ ይቀራል፤ ግድብ ሁሉ ዕድሜው የሚያጥረው በያዘው ደለል ነው። የተማረውን ይዞ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ነው። የያዘው ከሌላ ቦታ ተሸርሽሮ የመጣ አፈር መሆኑን ይረሳና የራሱ ጥልቀት ይመስለዋል። ከዓመታት በኋላ ሲለካ ጥልቀት የለውም፤ ሞልቷል።

የተማሩትን ይዞ አለመቅረትን ደቡብ ጎንደር ከግድቡም ከኮሌጁም በፊት ያውቀው ነበር። የወረታው መንገድ ወደ ወልድያ ሲታጠፍ የሚያልፍበት የጋይንት አገር የአብነት ትምህርት አገር ነው። ድጓ የተማረ የሚያስመሰክርበት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚዘለቅበት ዙር አምባ እዚያ ናቸው። ከጎጃምም ከሸዋም ከወሎም የመጣ ቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ይቆማል። እናት ከእንጀራዋ ቆርሳ ትሰጠዋለች። ያ ልጅ ከዓመታት በኋላ መሪጌታ ሆኖ የሚያዜመው በሌላ አገር፣ በሌላ ደብር ነው። የቆረሰችለት ሴት ዜማውን አትሰማም። እሱም ተመልሶ እንጀራዋን አይከፍላትም፤ በሩቁ ደብር የራሱን ደቀ መዛሙርት ያለ ደመወዝ ያስተምራል። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ብሎ የሚሰድበው የለም። ወጪቱ አልተሰበረም፤ ወደ ታች ተላለፈ። ወረታ ላበላው ብቻ የሚመለስ ቢሆን ኖሮ፣ ድጓ ከጋይንት ባልወጣ ነበር።

እንግዲህ ወረታ እንደ ውኃ ወደ ታች የሚሄድ ከሆነ፣ ባልና ሚስቱ ወደ ወረታ መመለስ ለምን አስፈለጋቸው? ባሉበት ቀበሌ ለሰፈሩ ልጅ ኳስ ቢገዙ አይበቃም? ይበቃል። ግን ወንዝ የማያገኘውን አንድ ነገር ትምህርት ቤት ያገኛል። የወንዝ ምንጩና አፉ ይራራቃሉ፤ ርብ ጣና ሲገባ ጉናን መልሶ አያየውም። የትምህርት ቤት ምንጩም አፉም ግን አንድ ግቢ ነው። ሰው ከዚያ ይወጣል፣ አርባ ዓመት ይዞራል፣ ሲመለስ ያወጣው ቦታ ላይ እሱ በወጣበት ዕድሜ ያሉ እንግዶች ያገኛል። ለእነሱ የሰጠው ወደ ታች ይሄዳል፤ የሰጠበት ቦታ ግን ላይኛው ነው። ባለቤቱ የጠፋ ውለታ፣ ባለቤቱን ሳያገኝም ቢሆን፣ ወደ ቤቱ የሚገባበት መንገድ ይህ ይመስለኛል። ለምንጩ የሚመለሰው ወረታ ምንጩ ላይ ውኃ ለሚቀዳ ለማያውቁት ሰው ማቀበል ነው።

አንድ አደጋ ግን አለ፤ እሱንም ቃሉ ራሱ ይነግረናል። ከ«ወረታ» የመጨረሻዋን ፊደል ቢነካኳት «ወረት» ትሆናለች። ወረተኛ ደጋፊ እናውቃለን። ቡድኑ ሲያሸንፍ ማልያ ይገዛል፣ ባንዲራ ይለብሳል፤ ሲሸነፍ «ድሮም እኮ» ይላል። ምሩቅም ወረተኛ ይሆናል። ኮሌጁ ኢዮቤልዩ ሲያከብር ከረባት አስሮ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ቃል ይገባል፣ በሚቀጥለው ዓመት ስልኩ አይነሣም። ወረትን ከወረታ የሚለየው ምንድን ነው? ለእኔ ለማን እንደሚጮህ ማየት ይበቃል። ወረት የሚጮኸው ለቀዳሚው ነው። ለመጨረሻው የሚጮህ ሰው ከድሉ ምንም እንደማይደርሰው ያውቃል። ለዚህም ነው ሽማግሌዎቼን ከመግቢያው መስመር ርቀው፣ ሯጩ ከመታጠፊያው ወጥቶ ጉልበቱ በሚከዳው ቦታ ላይ ያስቀመጥኳቸው።

አሁን ወደዚያ ቀን ልሂድ። ጥር 2036 ነው። ሩዙ ተወቅቶ ገብቷል፣ ገለባው በየማሳው ተከምሯል። ሜዳው ደርቆ ተሰንጥቋል፤ የመሙን መስመር በኖራ ያሰመሩት ጠዋት ነው፣ እስከ ረፋድ ድረስ ግማሹ ተረግጦ ጠፍቷል። የሴቶች 5,000 ሜትር ነው። አንደኛዋ ከገባች ቆይታለች፣ ሽልማት የሚሰጠው መምህር ማይክሮፎን እየሞከረ ነው፣ ተማሪው ወደ ካፌ መንገድ ጀምሯል። አንዲት ልጅ ብቻ ቀርታለች። አንድ ዙር ይቀራታል።

«ታቋርጣለች» አለ ባልየው።

«አታቋርጥም። እኔስ መቼ አቋረጥኩ?»

«በ95 አቋርጠሻል።»

«በ95 ጫማዬ ተቀዶ ነው። ደግሞ በባዶ እግሬ ነው የጨረስኩት፤ አንተ ያኔ ሻወር ውስጥ ነበርህ።»

ባልየው መልስ አላገኘም። ሚስትየዋ ተነሣች። ጉልበቷን ይዛ ትንሽ ቆመች፣ ከጀሪካኑ በጣሳ ቀዳች፣ ወደ መታጠፊያው ሄደች። ልጅቷ ስትደርስ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እያየሁሽ ነው» አለቻት፤ ሌላ የሚባል አልመጣላትም። ልጅቷ ውኃውን ሳትቀበል አለፈች። ስትዞር ፊቷ ላይ ሳቅም ልቅሶም የማይባል ነገር ነበር። ገባች። ማንም ሰዓት አልያዘላትም፤ ባልየው ግን በስልኩ ይዞላት ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣ እያነከሰች መጣችና ጃንጥላው ጥላ ውስጥ ተቀመጠች። ባልየው ብርቱካን ላጠላት። ሰዓቷን ነገራት፤ አላመነችም፣ ስልኩን አሳያት። ውኃውን አሁን ጠጣችው። ከዚያ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው።

«ይቅርታ፣ የማን ቤተሰብ ናችሁ?»

ባልና ሚስቱ ተያዩ።

«የ96 ነን» አለች ሚስትየዋ።

ልጅቷ ዞር ብላ ሜዳውን ተመለከተች፤ ከዚያም ደረቷ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘውን የራሷን ቁጥር ነካ አደረገች።

«96 ቁጥር እኮ ዛሬ አልሮጠም፣ እትዬ።»

«ሮጧል» አለ ባልየው፤ ብርቱካኑን ለሁለት እየከፈለ። «ቆየት አለ እንጂ።»